‹‹የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል›› የምትለው ደብዳቤ

ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ከሥራው ሁሉ የሚያሰጋው የትኛው ደረጃ እንደሆነ ቢጠየቅ የጂቡቲን ወደብ፣ የጉምሩክን ፍተሻ ወይም የምንዛሪውን መዋዠቅ ይጠቅሳል። የአቅራቢው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከኢሜይል ላይ ተነስቶ በባንክ የማስተላለፊያ ቅጽ ላይ የሚሰፍርባትን አምስት ደቂቃ የሚጠቅስ ግን ጥቂት ነው። ይሁንና ገንዘብ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ላይመለስ የሚችለው በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። በዚህች ቀዳዳ የሚሠራው ማጭበርበርም በኢንተርኔት አማካይነት ከንግድ ድርጅቶች ገንዘብ ከሚወስዱት ወንጀሎች መካከል በግንባር ቀደምትነት ይመደባል።

ስልቱ በባለሙያዎች ዘንድ የንግድ ኢሜይል ጠለፋ በመባል ይታወቃል። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍ.ቢ.አይ. የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታዎችን የሚቀበል ማዕከል አለው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2023 በዚህ ስልት ተጭበረበርን ያሉ 21,489 አቤቱታዎችን የተቀበለ ሲሆን፣ የተመዘገበው ኪሳራ ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። በ2024ም 2.77 ቢሊዮን ዶላር ተመዝግቧል። በዚያው በ2023 ፋይል ቆልፎ ማስከፈቻ የሚጠይቀው የኮምፒውተር ቫይረስ አደረሰ ተብሎ ለማዕከሉ የተነገረው ኪሳራ ግን 60 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አይሞላም። እርግጥ ይህ የኋለኛው አኀዝ በሥራ መቆም የሚመጣውን ጉዳት አይጨምርም፤ ብዙ ተጎጂዎችም አያመለክቱም። ያም ሆኖ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ወሬው ስለ ቫይረስ ሆኖ ሳለ ገንዘቡ የሚሄደው በደብዳቤ ነው ማለት ይቻላል።

ጉዳዩ የየዋሆች ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ የታወቀ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ባለው ጊዜ አንድ የሊቱዌኒያ ዜጋ፣ ኳንታ ኮምፒውተር ከሚባለው የታይዋን አምራች ጋር ተመሳሳይ ስም ያለው ድርጅት በላትቪያ አስመዘገበ። በዚሁ ስም በላትቪያና በቆጵሮስ የባንክ ሒሳቦች ከፈተ። ፌስቡክና ጉግል ከእውነተኛው ኳንታ ጋር በርግጥ ይነግዱ ስለነበር፣ ሰውየው ሐሰተኛ ኢንቮይስና ሐሰተኛ ውል እያዘጋጀ ለሒሳብ ክፍሎቻቸው ይልክ ጀመር። ሁለቱ ኩባንያዎች ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሉት። በዲሴምበር 2019 የአምስት ዓመት እስራት የተፈረደበት ይህ ሰው በእነዚያ ደብዳቤዎች ያታለለው ኮምፒውተርን ሳይሆን ከፋዩን ሰው ነው። ኩባንያዎቹ አብዛኛውን ገንዘብ ማስመለሳቸውን ገልጸዋል፤ ለዚህ የሚሆን የጠበቃ አቅም ነበራቸውና። በአንድ ኮንቴይነር ላይ ካፒታሉን ሁሉ ያዋለ የመርካቶ አስመጪ ግን ይህ አቅም የለውም።

ነገሩ በአዲስ አበባ ሲሠራ ምን መልክ እንደሚይዝ በምሳሌ ማየት ይቻላል። ከጓንግዡ የኤሌክትሪክ ዕቃ እያስመጣ መርካቶ የሚያከፋፍል ነጋዴ አለ እንበል። የድርጅቱ ኢሜይል ከአሥር ዓመት በፊት የተከፈተ የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ ነው። የይለፍ ቃሉን ባለቤቱም፣ ጸሐፊዋም፣ ሒሳብ ሠራተኛውም ያውቁታል። አንድ ቀን ‹‹የተሻሻለው ፕሮፎርማ ተያይዟል›› የሚል መልእክት ይመጣል። ጸሐፊዋ ፋይሉን ስትጫነው እንደገና ግቢ የሚል ገጽ ይከፈትላታል። ገጹ ጂሜይልን በሁሉ ነገሩ ይመስላል፤ አሠሪው ግን ሌላ ነው። የይለፍ ቃሉን ስትጽፍ ቃሉ ሌባው እጅ ይገባል።

ሌባው በዚያን ቀን ምንም አያደርግም። ብዙ ሰው የማይጠረጥረውም ይህንን ትዕግሥቱን ነው። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወራት ተቀምጦ ያነባል። የፕሮፎርማውን ቁጥር፣ የነጠላ ዋጋውን፣ በዋጋው ላይ የተደረገውን ክርክር፣ 30 በመቶው ቀብድ መቼ እንደተከፈለና ቀሪው 70 በመቶ መቼ እንደሚጠበቅ ያጠናል። ሻጯ ነጋዴውን ‹‹ወዳጄ›› ትበለው ‹‹ሚስተር›› ትበለው ሳይቀር ይማራል። በመካከሉ ኢሜይሉ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ አንድ ትእዛዝ ያኖራል። ይኸውም ከሻጯ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ለባለቤቱ ሳይታይ ወደ ሌላ ማኅደር እንዲገባና ቅጂው ለእርሱ እንዲላክ የሚያደርግ ነው።

ክፍያው ሁለት ቀን ሲቀረው ደብዳቤዋ ትደርሳለች። አጭርና ጨዋ ናት። የቀድሞው ሒሳባችን በኦዲት ምክንያት ለጊዜው ስለታገደ ቀሪውን ክፍያ በአዲሱ ሒሳብ ይላኩልን፣ ዕቃው ተጭኖ እየጠበቀ ነውና እንዳይዘገይ ትላለች። የኢንቮይሱ ማኅተም፣ አርማና ፊርማ ያው የተለመደው ነው። የላኪውም አድራሻ የሻጯ ይመስላል፤ አተኩሮ ላየው ግን በላቲኑ ‹ኤም› ፊደል ምትክ ‹አር› እና ‹ኤን› ጎን ለጎን ተጽፈዋል። በስልክ መስታወት ላይ ይህንን ለመለየት የጤነኛ ሰው ዓይንም አይበቃም። የከፋው ደግሞ የተሰበረው የሻጯ ኢሜይል ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ደብዳቤዋ የምትመጣው ከእውነተኛው አድራሻ ስለሆነ፣ ፊደል መቁጠር ምንም አይፈይድም። ማጭበርበሩ የሚታወቀው ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሻጯ ‹‹ገንዘቡ ምነው ዘገየ?›› ስትል ነው።

ኤልሲና ቲቲ

የአከፋፈሉ መንገድ በአደጋው መጠን ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በተለምዶ ኤልሲ በሚባለው የባንክ ዋስትና ሰነድ የሚከፈል ከሆነ፣ ተከፋዩ ማን እንደሆነ በሰነዱ ላይ ተጽፏል፤ ለመለወጥም በባንኮች በኩል የሚያልፍ ማሻሻያ ያስፈልጋል። ባንኩ የሚከፍለውም የመጫኛ ሰነድና ሌሎች ማስረጃዎች ሲቀርቡለት ነው። ነጋዴው በኤልሲ ላይ የሚያቀርበው ሮሮ የታወቀ ነው፤ ዘገየ፣ ኮሚሽኑ በዛ፣ በአንዲት የፊደል ስሕተት ሰነዱ ተመለሰ ይላል። ይህ አሰልቺ ውጣ ውረድ ግን ሌባውንም ያሰለቸዋል። ሐሰተኛ የመጫኛ ሰነድ የሚሠራ አጭበርባሪ የለም ባይባልም፣ ኢሜይል ከመጻፍ ይልቅ እጅግ የሚከብድ ሥራ ነው። በሰነድ ርክክብ የሚከፈለው ካድም ሰነዶቹ ከባንክ ወደ ባንክ ስለሚሄዱ በመጠኑ የተሻለ ከለላ አለው።

በቲቲ ለሚላከው የቅድሚያ ክፍያ ግን ያለው መከላከያ የከፋዩ ጥንቃቄ ብቻ ነው። ቅጹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትክክል ከሆነ ገንዘቡ በትክክል ይደርሳል፤ የሌባ ቁጥር ከሆነም እንዲሁ በትክክል ይደርሳል። በዚህ መንገድ በብዛት የሚከፍሉት ደግሞ ትንንሾቹ ናቸው። የሚገዙት መጠን አነስተኛ በመሆኑ ሻጩ የኤልሲን ጣጣ አይፈልግም፤ እነርሱም ወጪውን አይሹም። እንግዲህ አደጋው የሚያርፈው ድንጋጤውን መሸከም በማይችለው ትከሻ ላይ ነው ማለት ነው።

የምንዛሪው ለውጥም ጉዳቱን አክብዶታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ በቀድሞው ዋጋ 30,000 ዶላር የጠፋበት ነጋዴ 1.7 ሚሊዮን ብር ገደማ ከሰረ ይባል ነበር። ያው 30,000 ዶላር ዛሬ ቢጠፋ ኪሳራው ከ3 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። አብዛኛው ገንዘብ ከባንክ ወይም ከዘመድ የተበደሩት ከሆነ ወለዱና ይሉኝታው ተጨማሪ ነው። ሌላም አለ። ባንክ ለገቢ ዕቃ ምንዛሪ ሲፈቅድ፣ አስመጪው ዕቃው አገር መግባቱን የሚያሳይ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን በኋላ እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል። ገንዘቡ በሌባ ከተወሰደ ግን የሚመጣ ዕቃም ሆነ የሚቀርብ ዲክላራሲዮን አይኖርም። ነጋዴው ገንዘቡን አጥቶ ሳለ ምንዛሪውን የት አደረስከው ተብሎ ይጠየቃል።

ባንኩ ስምና ቁጥር አያስተያይም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። በዓለም አቀፍ ዝውውር ተቀባዩ ባንክ ገንዘቡን የሚያስገባው በአብዛኛው በሒሳብ ቁጥሩ ነው። የተቀባዩ ስም ከቁጥሩ ጋር መግጠሙ ከመከፈሉ በፊት ለላኪው የሚነገርበት አሠራር ገና የጥቂት አገሮች ነው። በብሪታንያ ትልልቆቹ ባንኮች የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን፣ የዩሮ ተጠቃሚ አገሮች ባንኮች የተገደዱት በኦክቶበር 2025 ነው። እነዚህም የሚሠሩት በየራሳቸው የክፍያ ሥርዓት ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሩቅ ምሥራቅ በዶላር የሚሄድ ክፍያ በእነዚህ አይሸፈንም። ደግሞም ሌባው እንደ ሊቱዌኒያው ሰው ተመሳሳይ ስም ያለው ድርጅት ካስመዘገበ ስሙም ይገጥማል።

የስልክ ጥሪው

መድኃኒቱ ከመርከሱ የተነሳ የሚናቅ ነው። የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ሲመጣ፣ ከመክፈል በፊት ለሻጩ ስልክ መደወል ነው። ነገር ግን በዚህች ቀላል ነገር ውስጥ ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አሉ። የሚደወለው በአዲሱ ደብዳቤ ግርጌ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን፣ የመጀመሪያው ግብይት ሲደረግ በተመዘገበው አሮጌ ቁጥር መሆን አለበት፤ በአዲሱ ደብዳቤ ላይ ያለውን ስልክ የሚያነሳው ሌባው ነውና። ሁለተኛ፣ ደዋዩ ከፋዩ ራሱ መሆን አለበት። ‹‹እኛው እንደውልልዎ›› ብሎ የሚደውል ሰው ድምፁም ሆነ መልኩ ማረጋገጫ መሆኑ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ አሩፕ የተባለው የብሪታንያ የምሕንድስና ኩባንያ የሆንግ ኮንግ ቢሮ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ አለቆቹን አይቶና ሰምቶ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስተላልፏል። በስብሰባው ላይ የታዩት አለቆች በኮምፒውተር የተፈበረኩ ምስሎች ነበሩ።

ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ እንቅፋት የሚሆነው ግን ቴክኖሎጂው ሳይሆን ይሉኝታው ነው። አሥር ዓመት አብሮ የሠራን ሰው ‹‹በርግጥ አንተ ነህ?›› ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎ ይታያል። ‹‹አላመነኝም ይለኛል›› በማለት ዝም ብሎ የሚከፍለው ብዙ ነው። ይህንን ለማለፍ የሚሻለው ጉዳዩን ከሰው ወደ ወረቀት ማዛወር ነው። በመጀመሪያው ውል ወይም ፕሮፎርማ ላይ ‹‹የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በዚህ ስልክ በቃል ካልተረጋገጠ ዋጋ የለውም›› የሚል አንድ መስመር ቢገባ፣ በኋላ የሚደወለው ጥሪ የውሉ ግዴታ እንጂ ጥርጣሬ አይሆንም። ሻጩም ቢሆን ይህንን ይወደዋል፤ ገንዘቡ ሌላ ዘንድ ሲሄድ እርሱም ሳይከፈለው ይቀራልና።

ነገሩ የአስመጪዎች ብቻ አይደለም። ሰሊጥ፣ ቡና ወይም ቆዳ የሚልክ ነጋዴ ኢሜይሉ ከተሰበረበት፣ ሌባው በእርሱ ስም ለውጭ ገዢ ይጽፋል። ገዢው ለሌባው ከፍሎ ‹‹ከፍያለሁ፤ በራስህ ደብዳቤ መሠረት›› ይላል። ላኪው ሸቀጡን ከሰጠ በኋላ ገንዘቡን ያጣል፤ የወጪ ንግድ ምንዛሪውን ወደ አገር የማስገባት ግዴታ ደግሞ በስሙ ተመዝግቦ ይቀራል። እንግዲህ ላኪው ለደንበኞቹ ‹‹ሒሳባችን በኢሜይል አይቀየርም›› ብሎ አስቀድሞ ማሳወቁ ለራሱ ነው።

ደብዳቤው የሚገባበት ሳጥን ራሱ መቆለፍ አለበት። የብዙ አነስተኛ ድርጅቶች ኢሜይል የማን እንደሆነ በትክክል አይታወቅም። የከፈተው ያኔ ኮምፒውተሩን የሸጠው ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃል ሲጠፋ መልሶ ለማግኘት የተመዘገበው ስልክ ከአራት ዓመት በፊት ሥራ የለቀቀች ጸሐፊ ነው። ያቺ ጸሐፊ ክፉ አስባ ባይሆን እንኳ፣ ቁጥሩን የያዘ ሁሉ የድርጅቱን ኢሜይል የራሱ ማድረግ ይችላል። ባለቤቱ አንድ ከሰዓት ተቀምጦ ማስተካከያውን ቢከፍት፣ የማስመለሻ ስልኩ የማን እንደሆነ፣ ኢሜይሉ በየትኞቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላይ ተከፍቶ እንዳለ፣ ሳያውቀው የተቀመጠ የማስተላለፊያ ወይም የማጣሪያ ትእዛዝ መኖሩን ያያል። ይህ የመጨረሻው በተለይ ሊታለፍ አይገባም፤ የይለፍ ቃል ቢቀየርም ሌባው ያኖረው ትእዛዝ አብሮ ስለማይጠፋ ደብዳቤው መሄዱን ይቀጥላል።

ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ በስልክ የሚመጣ ቁጥር የሚጠይቀው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በጂሜይልም፣ በያሁም ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል። ብዙ ነጋዴዎች ከፍተውት ይዘጉታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዱባይ ወይም ጓንግዡ ሲሄዱ የኢትዮጵያ ሲም ካርዳቸው ስለማይሠራ ቁጥሩ አይደርሳቸውም፤ ዕቃ ሊገዙ በሄዱበት ኢሜይላቸው ይቆለፍባቸዋል። ለዚህ መፍትሔው መዝጋት አይደለም። ያለ ኔትወርክ ስልኩ ራሱ ቁጥር የሚያወጣበት መተግበሪያ አለ፤ ከጉዞ በፊት ታትመው በቦርሳ የሚያዙ የመጠባበቂያ ቁጥሮችንም ጉግል ይሰጣል።

በሱቁ ባንኮኒ ላይ

በአገር ውስጥ ገበያ ደግሞ ያው ማጭበርበር ሌላ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ኤምፔሳም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥቶ ከገባ ወዲህ፣ ከባንኮች የሞባይል አገልግሎት ጋር ተዳምሮ ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ መሸጥ እየቀነሰ ነው። ቴሌብር ብቻውን በ2017 በጀት ዓመት ማብቂያ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት ኢትዮ ቴሌኮም አስታውቋል። ገዢው ከፍያለሁ ብሎ የስልኩን መስታወት ያሳያል፤ ወይም በቴሌግራም የደረሰኙን ስክሪንሾት ይልካል። ስዕል ግን ገንዘብ አይደለም። ስሙን፣ ቀኑንና መጠኑን መቀየር የሚችል የስልክ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል።

ሻጮች ይህንን አያውቁም ማለት አይደለም። ችግሩ ከአወቃቀሩ ነው። ዕቃውን የሚያስረክበው ሱቅ ያለው ልጅ ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው ግን በባለቤቱ የግል ሒሳብ ሲሆን፣ መልእክቱ የሚደርሰውም በባለቤቱ ስልክ ነው። ባለቤቱ ለቅሶ ቤት ወይም ጉምሩክ ሆኖ ስልክ ካላነሳ፣ ሦስት ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ልጁ ስክሪንሾቱን ከማመን ሌላ ምርጫ የለውም። ዕቃ የሚያስረክበው ሰው ገንዘቡ መግባቱን በራሱ ዓይን ማየት የሚችልበት መንገድ እስካልተበጀ ድረስ ልጁን መቆጣት ፋይዳ የለውም። በድርጅቱ ስም የነጋዴ ሒሳብ ከፍቶ መልእክቱ ሱቅ ውስጥ በሚቀመጥ ስልክ እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከግለሰብ ስልክ የመጣ ‹‹ብር ገብቶልዎታል›› የሚል መልእክት፣ የቱንም ያህል ተመሳሳይ ቢሆን፣ የሐሰት ነው። መልእክቱም ትክክል መስሎ ከታየ በኋላ የሒሳቡን ቀሪ ማየት አይከፋም። በስህተት ላክሁብህ መልስልኝ የሚለውም ደዋይ ብዙ ጊዜ ምንም ያልላከ ነው።

ቴሌግራም ላይ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች የሚሰረቁት ደግሞ ቻናሉ ራሱ ነው። ከሚያውቁት ሰው ስም ‹‹ለልጄ ድምፅ ስጪልኝ›› የሚል ማስፈንጠሪያ ወይም ‹‹በስህተት ወደ አንቺ የተላከ ቁጥር አለ፤ አንብቢልኝ›› የሚል መልእክት ይመጣል። ያ ቁጥር የቴሌግራም መግቢያ ነው። ሌባው ሲገባ ለደንበኞች በባለቤቷ ስም ሌላ የሒሳብ ቁጥር ይለጥፋል። እዚህ ላይ ባለቤቷን የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። በአዲስ ስልክ የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የቀደሙትን ስልኮች ማስወጣት አይችልም። ባለቤቷ ግን በማስተካከያው ውስጥ የተከፈቱትን ስልኮች ዝርዝር አይታ እርሱን ወዲያው ልታስወጣው ትችላለች። የቻናሉን ባለቤትነት ወደ ሌላ ሰው ለማዛወርም የሁለተኛ ደረጃው የይለፍ ቃል ከተቀመጠ ሰባት ቀን ማለፍ አለበት። ቃሉን አስቀድማ ያላስቀመጠች ከሆነ ግን ሌባው ራሱ አስቀምጦ ሰባቱን ቀን ይቆጥራል።

የፋይል መቆለፊያው ቫይረስ ብዙ የተወራለት ስለሆነ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍና 300 ዶላር ሲጠይቅ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ከማይክሮሶፍት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተጎዱት ያላሻሻሉት ናቸው። በአዲስ አበባ ቢሮዎች ውስጥ ያለ ፈቃድ የተጫነ ዊንዶውስ የተለመደ ሲሆን፣ ጫኚዎቹም ብዙ ጊዜ ማሻሻያውን ዘግተው ያስረክባሉ። ዊንዶውስ 10ም ቢሆን መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የድርጅቱ ደንበኛ፣ ዕዳና ተሰብሳቢ ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ባለ ፒችትሪ ውስጥ ከሆነ፣ ቅጂው በየሳምንቱ በውጭ ዲስክ ተወስዶ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ መቀመጥ አለበት። ተሰክቶ የሚውል ፍላሽ አብሮ ይቆለፋል።

ገንዘቡ ከሄደ በኋላስ? የመጀመሪያው ሰው ሌባውም ሻጩም ሳይሆን ባንኩ ነው፤ የሚቆጠረውም በሰዓት ነው። በአሜሪካ ኤፍ.ቢ.አይ. ከዚያ አገር ወደ ውጭ የወጡ ገንዘቦችን ለማስቆም ያወጣው አሠራር ዝውውሩ ከተፈጸመ 72 ሰዓት ያላለፈውን የሚመለከት ነበር። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ በሌሎች ሒሳቦች ተበታትኗል ተብሎ ይታሰባል። ነጋዴው በአካል ባንኩ ዘንድ ሄዶ፣ ዝውውሩ በማጭበርበር የተፈጸመ መሆኑን የሚገልጽና ገንዘቡ እንዲጠራ የሚጠይቅ ደብዳቤ አስገብቶ፣ ባንኩ በስዊፍት በኩል ለተቀባዩ ባንክ የላከውን መልእክት ቅጂ መቀበል አለበት። ሻጩም በአገሩ ለፖሊስ እንዲያመለክት መጠየቅ ይጠቅማል፤ የአገሩ ፖሊስ የአገሩን ባንክ ለማዘዝ ይቀርባልና። ተናዶ ኢሜይሎቹን የሚሰርዝ ሰው ማስረጃውን በገዛ እጁ ያጠፋል።

በኢትዮጵያ ሕግ በሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ያለ ፈቃድ መግባትም ሆነ በኮምፒውተር ማጭበርበር በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ወንጀለኛው ውጭ አገር ሲሆን የመያዙ ነገር አጠራጣሪ ቢሆንም፣ የፖሊስ ማመልከቻው ለሌላ ጉዳይ ያስፈልጋል። የምንዛሪ ፈቃዱን የሰጠው ባንክ ዲክላራሲዮኑን ሲጠይቅ፣ ዕቃው ለምን እንዳልገባ የሚያስረዳው እርሱ ነው።

ከሻጩ ጋር የሚነሳው ክርክር ደግሞ ኪሳራው የማን ነው የሚል ነው። የተሰበረው የማን ኢሜይል እንደሆነ፣ ውሉ ስለ ሒሳብ ለውጥ ምን እንደሚል፣ ከፋዩ ስልክ ደውሎ እንደሆነ ይመረመራል። ክርክሩ እስኪያልቅ ሻጩ ቀሪው 70 በመቶ አልደረሰኝም በማለት ኮንቴይነሩን አይጭንም፤ ቀብዱም እጁ ላይ ነው።